ያንቀላፉ ምግብ ወለድ ባክቴሪያዎች የሰውን የአንጀት ሴሎች ሊያጠቁ ይችላሉ?

የምግብ ሳይንስ ተማሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ምግብ ወለድ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ሳነብ ደጋግሞ የሚገጥመኝ አንድ ጉዳይ ስላለ፣ የሚያውቁ ሰዎች እንዲያብራሩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ባክቴሪያዎች ቅዝቃዜ፣ ረሃብ፣ ጨው ወይም ክሎሪን ሲበረታባቸው ሁልጊዜ አይሞቱም። አንዳንዶቹ በሕይወት እያሉ፣ በተለመደው የማሳደጊያ ሳህን ላይ ግን አንድም ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምር) የማይሰጡበት ሁኔታ ውስጥ ይገባሉ። የሴል ሽፋናቸው አልተቀደደም፤ ዘረመላቸው አልፈረሰም፤ ጥቂትም ቢሆን ኃይል ያመነጫሉ፤ ነገር ግን አይባዙም። ሪታ ኮልዌልና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1982 ኢ. ኮላይንና የኮሌራን ባክቴሪያ በጨዋማ ውኃ ውስጥ አቆይተው ይህን ካሳዩ ወዲህ፣ ሊስቴሪያን፣ ሳልሞኔላንና ካምፒሎባክተርን ጨምሮ በብዙ ዝርያዎች ላይ ተመሳሳይ ሁኔታ ታይቷል።

ግር ያለኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። አንዳንድ ጽሑፎች እነዚህ ያንቀላፉ ባክቴሪያዎች ከሰው የአንጀት ሴሎች ጋር እንደሚጣበቁ፣ አልፎ ተርፎም ሰርገው እንደሚገቡ ይናገራሉ። ሌሎች ደግሞ በሽታ የማምጣት አቅማቸውን ሙሉ በሙሉ እንዳጡ ይገልጻሉ። ሁለቱም ወገኖች በአብዛኛው የሚሠሩት ካኮ-2 እና ኤችቲ-29 በተባሉት፣ ከሰው የትልቁ አንጀት ዕጢ በተገኙት የሴል ዘሮች ላይ ስለሆነ፣ ልዩነቱ ከአንጀት ሴሎቹ የመጣ አይመስለኝም። ያንቀላፋ ባክቴሪያ እንቅልፍ ላይ እያለ የአንጀትን ሴል ሊያጠቃ ይችላልን? ወይስ መጀመሪያ መንቃት አለበት? መንቃት ካለበትስ የሚያነቃው ራሱ የአንጀት ሴሉ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ሴል አሳዳጊ፦

ጥያቄዎ በአንድ ቃል የማይመለሰው፣ ሴልን ማጥቃት በአንድ ጊዜ የሚፈጸም ድርጊት ስላልሆነ ነው። ባክቴሪያው በቅድሚያ ከሴሉ ጋር ይጣበቃል፤ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ከገባበት ከረጢት ያመልጣል ወይም ከረጢቱን ለራሱ እንዲመች አድርጎ ይለውጠዋል፤ በመጨረሻም ይባዛል። እያንዳንዱ እርምጃ ከባክቴሪያው የሚጠይቀው ጉልበት የተለያየ ስለሆነ፣ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ የሚመስሉት ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ የተለያየ እርምጃ ለክተው አንዱን ስም የሰጡ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

መጣበቅ ቀላሉ ነው። ከሴል ጋር የሚያጣብቁት ፕሮቲኖች ባክቴሪያው ከማንቀላፋቱ በፊት ተሠርተው በገጽታው ላይ የተተከሉ ከሆኑ፣ ባክቴሪያው አዲስ ነገር ሳይሠራ ሊጣበቅ ይችላል። በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያንቀላፋ ካምፒሎባክተር ጄጁኒ ካድኤፍ የተባለውን የማጣበቂያ ፕሮቲን ዘረመል መግለጹን እንደማያቋርጥ፣ ከካኮ-2 ሴሎች ጋርም፣ መጠኑ ከቀድሞው ያነሰ ቢሆንም፣ መጣበቁን እንደሚቀጥል ታይቷል። ስለዚህ ጥያቄው መጣበቅን ብቻ የሚመለከት ቢሆን ኖሮ መልሴ ያለ ብዙ ማመንታት «አዎ» ይሆን ነበር።

ወደ ሴሉ መግባትን በተመለከተ ግን ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ መንገዶች አሉ፤ የጉዳዩ ቁልፍም እዚህ ላይ ይመስለኛል። የመጀመሪያው የሊስቴሪያ መንገድ ነው። ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ በገጽታው ላይ ኢንተርናሊን-ኤ የተባለ ፕሮቲን አለው፤ ይህ ፕሮቲን በአንጀት ሴል ላይ ካለው፣ ሴሎችን እርስ በርስ ከሚያያይዘው ኢ-ካድሄሪን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ፣ የመዋጡን ሥራ የሚሠራው ሴሉ ራሱ ነው። ባክቴሪያው በዚያች ቅጽበት ሕያው መሆኑ እንኳ ግድ አይደለም። ኢንተርናሊን የተቀቡ ጥቃቅን የላቴክስ እንክብሎች በሰው ሴሎች መዋጣቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በሙከራ ተረጋግጧል፤ እንክብል ደግሞ የሚያወጣው ጉልበት የለም። በዚህ መንገድ ያንቀላፋ ባክቴሪያ ቁልፉ በእጁ እስካለ ድረስ በሩ ሊከፈትለት ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው የሳልሞኔላ መንገድ ነው። ሳልሞኔላ ወደ አንጀት ሴል የሚገባው መርፌ መሰል መሣሪያ ሠርቶ፣ በዚያም በኩል ፕሮቲኖችን ወደ ሴሉ ውስጥ አስወንጭፎ፣ የሴሉን አጽም በማናወጥ ነው። ይህ መሣሪያ የሚሠራው የባክቴሪያውን ኤ.ቲ.ፒ. (የሴል ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል) በማቃጠልና በሽፋኑ ውስጥና ውጭ ያለውን የኤሌክትሪክ ልዩነት በመጠቀም ነው። ኃይሉ የተሟጠጠ ሳልሞኔላ መሣሪያው ቢኖረውም ሊያስወነጭፍበት አይችልም። ካምፒሎባክተርም በመግባት በኩል ወደዚህኛው ይጠጋል፤ አዲስ ፕሮቲን እንዳይሠራ ክሎራምፌኒኮል በተባለ አንቲባዮቲክ ሲከለከል ወደ ሴል የመግባት አቅሙ በእጅጉ ይወድቃል። እንግዲህ ካምፒሎባክተር ሲያንቀላፋ መጣበቅ ይችላል፣ በዚያው ሁኔታ ላይ እያለ መግባት ግን ሊከብደው ይገባል ማለት ነው፤ ሁለቱን ያልለየ ጽሑፍ ሲገጥምዎ ይጠንቀቁ።

ወደ ሊስቴሪያ ልመለስና አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ አንድ ጥናት፣ ሊስቴሪያ በማዕድን ውኃ ውስጥ ለሳምንታት ሲቆይ ከዘንግነት ወደ ክብነት እንደሚለወጥና የሴል ግድግዳውን እንደሚጥል፣ ጽንስ ባለበት የዶሮ እንቁላል ውስጥ ሲገባ ደግሞ ነቅቶ ግድግዳውን መልሶ እንደሚሠራ አሳይቷል። ኢንተርናሊን-ኤ የሚተከለው በዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ሲወልቅ ቁልፉም አብሮ ይወልቃል ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው፤ ይህ የጥናቱ ድምዳሜ ሳይሆን የእኔ ግምት ነው። ነገር ግን ግምቱ ትክክል ከሆነ፣ በረሃብ ያንቀላፋ ሊስቴሪያ በሴልም ሆነ በአይጥ ላይ ጉዳት ሳያደርስ፣ በእንቁላሉ ጽንስ ከነቃ በኋላ ግን በሽታ አምጪነቱን መልሶ እንዳገኘ እ.ኤ.አ. በ2007 የተዘገበውን ነገር በደንብ ያብራራል። በዚያ ሙከራ ጽንስ የሌለበት እንቁላል ባክቴሪያውን ሊያነቃው አልቻለም፤ አስኳሉ ምግብ ቢሆንም ምግብ ብቻውን አልበቃም ማለት ነው።

የሚያነቃውን በተመለከተ፣ የኮሌራ ባክቴሪያ እንደ ኤችቲ-29 ካሉ የሰው ሴሎች ጋር አንድ ላይ ሲቀመጥ ወደ መባዛት እንደሚመለስ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ሌላ ሥራ ደግሞ በጎ ፈቃደኞች የማይበቅለውን የኮሌራ ባክቴሪያ ከዋጡ በኋላ በሰገራቸው ውስጥ የሚበቅል ባክቴሪያ መገኘቱን ዘግቧል። ኮሌራ ግን ሴል ውስጥ የማይገባ፣ ተጣብቆ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ስለሆነ፣ ይህ ስለ መንቃት እንጂ ስለ መግባት የሚነግረን ነገር የለም።

ተጠራጣሪው፦

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ በአብዛኛው የምስማማበት ነው። ይሁን እንጂ ጠያቂዋ ያነበበቻቸው ጽሑፎች ለምን እንደሚጋጩ ሲነሳ፣ ከባክቴሪያው ባሕርይ ይልቅ የመለኪያ ዘዴዎቹን መመርመር ይቀድማል ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው ችግር የቀሩት ጥቂቶች ጉዳይ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊዮን ባክቴሪያ ካለ፣ «ሁሉም አንቀላፍተዋል» የምንለው አንድ አሥረኛ ሚሊ ሊትር ሳህን ላይ ቀብተን ምንም ስላልበቀለ ሊሆን ይችላል። በቀረው ውኃ ውስጥ ግን አምስት ወይም ስድስት ያላንቀላፉ ሴሎች ሊኖሩ ይችላሉ። እነዚያን በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ምግብ በሞላበት የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ አንድ ሌሊት ብናስቀምጣቸው፣ በየ30 ደቂቃው በእጥፍ ቢባዙ በ12 ሰዓት ውስጥ 24 እጥፎሽ ይሆናል፤ ከአንዲት ሴል ከ16 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። በማግሥቱ «ባክቴሪያዎቹ ነቁ፣ ሴሎቹንም አጠቁ» ተብሎ ይጻፋል። ያጠቁት ግን መቼም ያልተኙት ናቸው። ቦጎሲያንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ይህን ክርክር አጥብቀው አንስተውት ነበር፤ በእኔ እምነት ዛሬም ድረስ በቂ ምላሽ የሚሰጠው ጽሑፍ ጥቂት ነው። በሌላ በኩል ለፍትሐዊነት መጥቀስ ያለብኝ፣ ኦሊቨርና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት የቪብሪዮ ቩልኒፊከስ ሥራ፣ ወደ አይጦች በተወጋው መጠን ውስጥ ሊበቅል የሚችል ባክቴሪያ ቁጥር ከአንድ በእጅጉ እስኪያንስ ድረስ አቅጥነው መሥራታቸውን ነው። ሌሎች ቢያንስ ይህን ያህል ሊጠነቀቁ ይገባ ነበር።

ሁለተኛው ችግር የሳህኑ ነው። የተጎዳ ባክቴሪያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን መቋቋም ያቅተዋል፤ በተለመደው የማሳደጊያ ሳህን ውስጥ ደግሞ ጥቂት ፐርኦክሳይድ አይጠፋም። ፐርኦክሳይድን የሚያስወግድ ካታሌዝ ወይም ፓይሩቬት ሲጨመር «የማይበቅሉ» የተባሉት ሁሉ የሚበቅሉባቸው አጋጣሚዎች አሉ። እንዲህ ያሉት የተጎዱ እንጂ ያንቀላፉ ሊባሉ አይገባም። ለሴል ማሳደግ የሚያገለግለው ዲኤምኢኤም የተባለው ፈሳሽ በብዙ አዘገጃጀቱ ሶዲየም ፓይሩቬት አለበት። ስለዚህ «የአንጀት ሴሉ አነቃቸው» ሲባል፣ ሴሉ የሌለበት ያው ፈሳሽ ብቻውን ያነቃቸው እንደሆነ የፈተሸ መኖሩን ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ አያገኙትም።

ሦስተኛው በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው ነው። ወደ ሴል የገቡትን ለመቁጠር የተለመደው ዘዴ በውጭ የቀሩትን ጀንታማይሲን በተባለ አንቲባዮቲክ ገድሎ፣ ሴሉን ሰብሮ፣ የወጡትን ሳህን ላይ ማብቀል ነው። ይህ ዘዴ ላንቀላፋ ባክቴሪያ በሁለት በኩል አይሠራም። አንደኛ፣ የማይበቅልን ነገር በማብቀል መቁጠር አይቻልም። ሁለተኛ፣ ጀንታማይሲን ወደ ባክቴሪያው የሚገባው ባክቴሪያው በሽፋኑ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ልዩነት ሲጠብቅ ነው፤ ያንቀላፋው ይህን ልዩነት ዝቅ ስለሚያደርግ መድኃኒቱ በሚገባ አይገድለውም። ስለዚህ ከሴሉ ውጭ ተጣብቆ የቀረው ከመድኃኒቱ ያመልጥና፣ ኋላ ላይ በዘረመል ብዜት (ፒሲአር) ሲለካ «ከውስጥ የተገኘ» ተብሎ ይቆጠራል። ይህ ቸል የሚባል ስሕተት አይደለም፤ አንድን ሙሉ ጽሑፍ ከመሠረቱ ሊያፈርስ ይችላል።

በመጨረሻም ስለ ሴሎቹ አንድ ነገር። እ.ኤ.አ. በ1996 ያንቀላፋ ሺጌላ ዲሴንቴሪዬ መርዙን እንደያዘ መቆየቱና «ከሰው የአንጀት ሴሎች» ጋር መጣበቁ ተዘግቦ ነበር። የተጠቀሙበት ሄንሌ 407 የተባለውን የሴል ዘር ነው። ይህ ዘር በሄላ ሴሎች የተበከለ መሆኑ፣ ማለትም በተግባር የማኅፀን በር ካንሰር ሴል መሆኑ ዛሬ በተበከሉ የሴል ዘሮች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ስለ መርዙ የተባለው እንዳለ ነው፤ ስለ አንጀት የተባለው ግን የአንጀት ማስረጃ ሆኖ ሊጠቀስ አይገባም። ይሁንና እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲጠቀስ አያለሁ።

የምግብ ሳይንስ ተማሪ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጀንታማይሲኑን ነገር ከዚህ በፊት ማንም አንሥቶልኝ አያውቅም፤ ያነበብኳቸውን ጽሑፎች እንደገና ማየት ሊኖርብኝ ነው። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ላክል። በምግብ ኢንዱስትሪው በኩል ጉዳዩ እንዴት ይታያል? ሳህን ላይ ያልበቀለ ነገር ሰውን ያሳመመበት የታወቀ አጋጣሚ አለን? ደግሞም ስፖር (ባክቴሪያው ክፉ ጊዜን የሚያልፍበት፣ ጠንካራ ቅርፊት ያለው የእንቅልፍ አካል) የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ከሁሉም ይልቅ ያንቀላፉ ሆነው ሳለ በዚህ ክርክር ውስጥ ስማቸው የማይነሣው ለምንድን ነው?

የምግብ ደኅንነት ባለሙያ፦

ከመጨረሻው ልጀምር። ስፖሮች ስማቸው የማይነሣው ክርክር ስለሌለባቸው ነው። ስፖር ምንም ኃይል የማያመነጭ፣ ሊቀሰቀስ እስኪችል ድረስ በዝምታ የሚቆይ ነገር ስለሆነ፣ ራሱ ሴል አያጠቃም፤ አንጀት ውስጥ ሲበቅል ግን ሌላ ታሪክ ይጀምራል። የባሲለስ ሴሪየስ ስፖር የጨጓራን አሲድ አልፎ በትንሹ አንጀት ውስጥ ይበቅልና እዚያው የአንጀትን ሴል ሽፋን የሚበሱ መርዞችን ያመነጫል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ሰው በብዛት የሚበላው ሕያውና ንቁ የሆነውን ባክቴሪያ ነው፤ መርዙ የሚሠራው ግን ባክቴሪያው አንጀት ውስጥ ወደ ስፖርነት ሲለወጥ ነው። መርዙ የሚጣበቅባቸው በአንጀት ሴሎች መገጣጠሚያ ላይ ያሉት ክላውዲን የተባሉት ፕሮቲኖች ናቸው። በሌላ አነጋገር ሰውን የሚያሳምመው ባክቴሪያው ወደ እንቅልፍ በሚሄድበት ሰዓት ነው። የጨቅላ ሕፃናት ቦቱሊዝምም (ጡንቻን የሚያሽመደምድ መመረዝ) እ.ኤ.አ. በ1976 ከታወቀ ጀምሮ የስፖር ጉዳይ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ከ12 ወር በታች ላሉ ሕፃናት ማር እንዳይሰጥ የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ሴል ሰርጎ አይገባም፤ ሁሉም የሚጎዱት በመርዝ ነው። ስለዚህ ለእርስዎ ጥያቄ ቀጥተኛ ምስክር ሊሆኑ አይችሉም፤ ነገር ግን «ያንቀላፋ ሁሉ አደጋ የለውም» የሚለውን አስተሳሰብ ለማፍረስ ይበቃሉ።

ስለ ወረርሽኞች ሲነሣ ሁለት አጋጣሚዎች ዘወትር ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን ጨው በተጨመረበት የሳልሞን ዓሣ ዕንቁላል ምክንያት በተነሣው የኢ. ኮላይ ኦ157 በሽታ፣ በምግቡ ውስጥ በማብቀል የተገኘው ባክቴሪያ ቁጥር እጅግ አነስተኛ ስለነበር፣ ተመራማሪዎች ጨው ያስተኛቸው ባክቴሪያዎች ይኖሩ እንደሆን ጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በጀርመን በበቀለ የአብሽ ዘር ምክንያት በተነሣው የኢ. ኮላይ ኦ104፡ኤች4 ወረርሽኝ 3,816 ሰዎች ሲታመሙ 54ቱ ሞተዋል። በዘሩ ናሙናዎች ላይ ባክቴሪያውን ማግኘት አልተቻለም፤ ምንጩ የተለየው የታመሙት ሰዎች የበሉትንና የዘሩን ጉዞ ወደ ኋላ በመከታተል ነበር። በዚያው ዓመት ይኸው ዝርያ በጭንቀት ጊዜ ወደማይበቅል ሁኔታ እንደሚገባና ጭንቀቱ ሲነሣለት እንደሚመለስ በቤተ ሙከራ ታይቷል። እኔ በበኩሌ ከዚህ በላይ አልሄድም። ናሙና ውስጥ ያልተገኘበት ምክንያት ባክቴሪያው በዘሩ ላይ እጅግ ተበታትኖና ጥቂት ሆኖ መገኘቱ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቀላል ማብራሪያ ሳይወገድ ወደ እንቅልፍ መሄድ ጥድፊያ ነው።

አሳሳቢ የሚሆነው ግን መጠኑን ሲያስቡት ነው። ሺጌላ ከ10 እስከ 100 በሚደርስ ቁጥር ሰውን ሊያሳምም ይችላል፤ አንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ዘገባ 500 ያህል ካምፒሎባክተር በወተት ጠጥቶ ታምሟል። ከአንድ ሚሊዮን ያንቀላፉ መካከል ከሺህ አንዱ እንኳ አንጀት ውስጥ ቢነቃ 1,000 ንቁ ባክቴሪያ ይሆናል። ስለዚህ ለእኛ ሥራ ዋናው ጥያቄ ያንቀላፋው በዚያው ሁኔታው ሴል ይገባል ወይ የሚለው አይደለም፤ ከስንቱ ስንቱ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ይነቃል የሚለው ነው። ምግብ በትንሹ አንጀት ውስጥ የሚያልፈው በሰዓታት ስለሆነ፣ ለመንቃት ሁለት ቀን የሚፈልግ ባክቴሪያ ሳይደርስበት ሊወጣ ይችላል።

ቅጠላ ቅጠል በክሎሪን ማጠብን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት ብዙ ሰው አስደንግጧል። በክሎሪን ምክንያት የማይበቅሉ የሆኑ ሊስቴሪያና ሳልሞኔላ፣ ሲ. ኤለጋንስ የተባለችውን ጥቃቅን ትል ዕድሜ እንደሚያሳጥሩ አሳይቷል። ለክሎሪን ውጤታማነት ማስረጃ አድርገን የምንጠቀምበት የሳህን ቆጠራ ብቻውን እንደማይበቃ በዚህ ጥናት ተረድቻለሁ። ነገር ግን ትሏ የምትኖረው ከሰው የሰውነት ሙቀት በታች ነው፤ የሊስቴሪያ በሽታ አምጪ ዘረመሎች አዛዥ የሆነው ፒአርኤፍኤ በአግባቡ የሚሠራው ደግሞ ወደ 37 ዲግሪ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ የትሏ ሞት የሰውን አንጀት ሴል ማጥቃት ተብሎ ሊተረጎም አይችልም።

ሴል አሳዳጊ፦

ተጠራጣሪው ያነሧቸውን ነጥቦች ያለ ማቅማማት እቀበላለሁ። ነገር ግን አንድ ያልተነሣ ገጽታ አለ። እስካሁን የተነጋገርነው ባክቴሪያው ተኝቶ ይመጣል፣ ነቅቶ ያጠቃል ብለን ነው። ነገሩ በተቃራኒውም ይሆናል፤ ነቅቶ ይገባና ውስጥ ገብቶ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሥራ፣ ሊስቴሪያ በሰው የጉበትና የእንግዴ ልጅ ሴሎች ውስጥ ለቀናት ሲቆይ፣ ከሴል ወደ ሴል የሚገፋውን አክትኤ የተባለ ፕሮቲን ትቶ በከረጢት ውስጥ እንደሚያድርና ከፊሉም የማይበቅል እንደሚሆን አሳይቷል። ሳልሞኔላም በአይጥ ማክሮፋጅ (ባክቴሪያን የሚውጥ የመከላከያ ሴል) ከተዋጠ በኋላ ከፊሉ መባዛቱን አቁሞ አንቲባዮቲክን ይቋቋማል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2014 ተዘግቧል። እንግዲህ በሴል ውስጥ ያንቀላፋ ባክቴሪያ ማግኘት፣ ያንቀላፋው ገባ ለማለት አያስችልም። የገባበትንና የተኛበትን ቅደም ተከተል የማያሳይ ሙከራ ይህን ሊለይ አይችልም።

ጠያቂዋ በዚህ ላይ የራስዎን ሙከራ ለማድረግ ካሰቡ፣ ሊስቴሪያ ኢኖኩዋ በተባለው በሽታ በማያመጣው ዘመድ እንዲጀምሩ እመክራለሁ። ይህ ባክቴሪያ በተፈጥሮው ወደ አንጀት ሴል አይገባም፤ የኢንተርናሊን-ኤ ዘረመል ሲሰጠው ግን ይገባል። አስተኝተውት በክሎራምፌኒኮል አዲስ ፕሮቲን እንዳይሠራ ከከለከሉት በኋላ ከገባ፣ አገባቡ ጉልበት የማይጠይቅ መሆኑን ያውቃሉ። ካልገባ ደግሞ ኢንተርናሊኑ በገጽታው ላይ መቅረቱን በፀረ እንግዳ አካል ቀለም ይመርምሩ፤ ከላይ የገለጽኩት የግድግዳ መውለቅ ግምት ትክክል መሆን አለመሆኑም እግረ መንገዱን ይታወቃል።

የውስጡንና የውጩን ለመለየት ጀንታማይሲንን ይተዉና ሁለት ቀለም ይጠቀሙ። ሴሉ ሳይበሳ በአንዱ ቀለም የተቀባው ውጭ ያለው ነው፤ ሴሉ ከተበሳ በኋላ በሌላው ቀለም የሚቀባው ሁሉም ነው፤ ልዩነቱ የገባውን ይሰጥዎታል። ባክቴሪያው ይብቀልም አይብቀል ለዚህ ዘዴ ለውጥ አያመጣም። በሙቀት የተገደለ ባክቴሪያና ሴል የሌለበት የማሳደጊያ ፈሳሽ ጎን ለጎን መኖር አለባቸው፤ ናሙናውም በማሳደጊያ ሳህኑ አንድ ጉድጓድ ውስጥ የሚበቅል ባክቴሪያ ከአንድ እስኪያንስ ድረስ መቅጠንና በብዙ ጉድጓዶች መደገም ይኖርበታል።

ተጠራጣሪው፦

በዚህ አሠራር እስማማለሁ፤ ሁለት ነገር ብቻ ላክል። ካኮ-2 ሴሎችን ሳህን ላይ ከዘሩ በኋላ 21 ቀን ያህል ይጠብቁ፤ ከዚያ በፊት በትክክል አይለዩም፣ ማለትም የበሰለ የአንጀት ሴል ቅርጽና ባሕርይ አይይዙም። ሲለዩ ደግሞ ኢ-ካድሄሪን ከሴሎቹ መገጣጠሚያ በታች ስለሚደበቅ፣ ከላይ የተጨመረ ባክቴሪያ በቀላሉ አያገኘውም። በእውነተኛው አንጀት ሊስቴሪያ የሚያገኘው በአንጀቱ ግድግዳ ላይ ባሉት ጣት መሰል ጉብታዎች ጫፍ ላይ ሴሎች ሲረግፉ በሚፈጠረው ክፍተትና ንፍጥ በሚያመነጩት ሴሎች ዙሪያ ነው። ገና ባልተለዩ ሴሎች ላይ የተገኘ ከፍተኛ ቁጥር የባክቴሪያውን ብርታት ሳይሆን የሴሎቹን ክፍት መሆን ሊያሳይ ስለሚችል፣ በሁለቱም ዓይነት ላይ ሠርተው ያወዳድሩ።

ሁለተኛው፣ ኢንተርናሊን ያልተሰጠውን ሊስቴሪያ ኢኖኩዋ በዚያው መንገድ አስተኝተው በእያንዳንዱ ዙር አብረው ያስኪዱ። እርሱም «ገብቶ» ከተገኘ፣ የቆጠሩት መግባትን ሳይሆን የማቅለሚያ ዘዴዎን ጉድለት ነው፤ ሌላውን ውጤት ከመጻፍዎ በፊት እርሱን ማስተካከል ይቀድማል።